ቢላውን አስቀምጡት፣ ሽቦውን እዩት!

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሌሊት ከጓሮ የዶሮ ጩኸት በተሰማ ቁጥር የሚሆነው አንድ ነው። ባትሪ ይበራል፣ ሸለምጥማጡ በአጥር ሾልኮ ይጠፋል፣ ደም የነካት ዶሮ ስትታይ ደግሞ «በክት ሳትሆን ድረሱባት!» ተብሎ ቢላ ይፈለጋል። ኧረ በአላህ! ላባዋ ስለረገፈ፣ ቆዳዋ ስለተተለተለ ብቻ ስንት የምትድን ቄብ ታረደች! የዶሮ ቆዳ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀደዳል፣ ሲያዩትም ያስደነግጣል፤ ግን ከተያዘለት ደህና አድርጎ ይሽራል። ሆድ ዕቃዋ ካልወጣና አንገቷን ቀና ማድረግ ከቻለች ጊዜ ስጧት።

ከቁስሉ በፊት ድንጋጤው ነው የሚጥላት። ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፋችሁ ጨለም፣ ሞቅ ያለ ጥግ አስቀምጧት። የደሴ ሌሊት ብርዱ አይቻልምና ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። ሰው እየመጣ አይዳብሳት። ውሃ ደግሞ አፏን ፈልቅቆ ማንቆርቆር አይሆንም! የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ኋላ ነው፤ ቁስሉ ያልገደላትን ሳንባዋ የገባ ውሃ ይገድላታል። በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና በምንቃሯ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጉላት፣ ራሷ ትውጠዋለች።

ስትረጋጋ ላባዋን እየገለጣችሁ ሁሉንም ፈትሹ፣ በተለይ ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር። የአውሬው ጥርስ የበሳው ቀዳዳ ከላይ የምስር ፍሬ ያክላል፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ነው፤ መግል የሚቋጥረውም እሱ ነው። ዙሪያውን ላባ በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም 9 ግራም ያህል፣ አሟሙታችሁ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ቀዳዳውን ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን የቁስል ማጽጃ በውሃ አቅጥኑና ቀጭን ሻይ ሲመስል ቀቡት።

እና ያ የቡና ዱቄት! ደሙን የሚያቆም መስሎን ቆሻሻውን እላዩ ላይ እንለስንበታለን። አረቄውም፣ ጋዙም ሥጋዋን ያቃጥላል። ቀዳዳውን አትስፉት፣ ይፍሰስ። ደረቷን አጥብቃችሁ አትጠምጥሙ፤ ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች ስለሆነ ፋሻው ያፍናታል። ድመት ወይም ውሻ ከነከሳት በማግስቱ ሳትውል እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ከሰው የተረፈ ካፕሱል ሰብራችሁ አትስጡ። መድኃኒት ከታዘዘም እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱና ዝንቡ አይምሯችሁም፤ ትል በ1 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ጠዋትና ማታ ሳታዩ አትቅሩ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶት። ዶሮ በተበላ ቁጥር ሸለምጥማጥ ይረገማል፣ የዶሮ ቤቱን ግን ዞሮ የሚያይ የለም። ያ ባለ ስድስት ጎን ስስ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም! ውሻ በጥርሱ ይዘረጥጠዋል። በጎበጠ ምስማር የተያዘ ከሆነማ አንዴ ሲገፋ ይነቀላል። የተበየደ፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፍርግርግ ግዙ፤ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስና በመስኮቱ ላይ ይሁን። ጠርዙን በጣውላ ተጭናችሁ በቪቴ እሰሩት። ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ 40 ሳንቲ ሜትር ሽቦ መሬት ላይ አንጥፉና ድንጋይ ጫኑበት፤ የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ሲጀምር ጥፍሩ ሽቦ ያገኛል።

ቀና ብላችሁ ደግሞ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን እዩ። ሸለምጥማጥ ዛፍ ወጪ ነው፣ ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ለገላው አያንሰውም። ያንን ክፍተት ግን ብርድ ፈርታችሁ በላስቲክና በጭቃ አትድፈኑት። የኩሱ ሽታ ታፍኖ ዶሮዎቹ ሳል ይይዛቸዋል። እዚያም ፍርግርጉን ምቱበት። ቆጡን ከሽቦው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ አለዚያ አውሬው እግሯን በሽቦው መሃል ጎትቶ ይበላታል። ዶሮ ሲመሽ ዓይኗ አያይም፣ ከተቀመጠችበት አትነቃነቅም።

በሩ በገመድ አይታሰር፣ መቀርቀሪያ ይኑረው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ኋላ ስትገባ ቆጥራችሁ ዝጉ፤ «ቆይ ከእራት በኋላ» ያላችሁ ቀን ነው የሚመጣው። ጫጩቶችን ለጭልፊት የምታጋልጡም፣ እናቲቱ ብቻዋን ሰማይ አትጠብቅም። እስከ 8 ሳምንት በመረብ የተከደነ ቦታ ይዋሉ።

መርዝ የተቀባ ሥጋ አጥር ሥር የምትጥሉ፣ እባካችሁ ተዉ። የጎረቤት ውሻና ድመት ነው የሚሞተው፣ ልጅም ያነሳዋል። ያ የተከፈተው ቀዳዳ ደግሞ እንዳለ ነው። አንዴ የቀመሰ አውሬ በነጋታው በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ስለዚህ የተረፉትን ዛሬ ማታ ወደ ማድ ቤት አስገቧቸው፣ ሽቦው እስኪጠገን። የተጎዳችውን ለብቻ አቆዩ፤ ደም ያዩ ጓደኞቿ ራሳቸው ይወቅሯታል። ቁስሏ ደርቆ ቆዳ ሲይዝ ጥቂት ቀን በሽቦ ማዶ ይተያዩ፣ ከዚያ በጨለማ ቆጡ ላይ ከሌሎቹ መሃል አስቀምጧት።