በማየት፣ በመስማት ወይስ በመሥራት? እርማት ለአንድ ምክር

ወንድሜ፣ ምክርህ ጥሩ ነው፤ አንዷን ነጥብ ግን ላርም። «ኦንላይን ኮርስ ከማዘጋጀትህ በፊት ሰልጣኞቹ በማየት፣ በመስማት ወይስ በመሥራት እንደሚማሩ በመጠይቅ ለይ» ብለሃል። በየስልጠናው የሚነገር ነገር ነው። እኔም ስንት ጊዜ አምኜ አስተምሬበታለሁ! ግን በማስረጃ አልተደገፈም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ትምህርቱን ከተማሪው «ዓይነት» ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም።

ሰው ምርጫ የለውም እያልኩ አይደለም። ቪዲዮ መውደድና በቪዲዮ የበለጠ መማር ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞ አቀራረቡን ይዘቱ ራሱ ይወስነዋል፤ የቃል አነባበብ ሳይሰሙት አይለመድም።

መጠይቁን አትጣለው፣ ጥያቄውን ቀይረው። ኤክሴል ልታስተምር ነው እንበል። ሰልጣኙን «ኤክሴል ትችላለህ?» ብትለው «አዎ» ይልሃል። ይልቅ ትንሽ ሠንጠረዥ ልከህለት «ደምረህ መልስልኝ» በለው። ቁጥሮቹን በካልኩሌተር ደምሮ ውጤቱን በእጁ የሞላ ካጋጠመህ፣ ኮርሱ ከየት መጀመር እንዳለበት አወቅህ ማለት ነው። በስልክ ነው በኮምፒውተር የሚከታተለው? ኢንተርኔቱስ ቪዲዮ ይችላል? ይህንንም እዚያው ጠይቀው።