ቁራኛው ለአንዷ ብቻ ሆነ

ሰሞኑን ድሬ ላይ አንድ ችሎት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትዕዛዝ ሰጠ። አንደኛው ከቀረጥ ጋር በተያያዘ የተከሰሰ ነጋዴን ይመለከታል። ሰውየው ዕቃ ለማየት ዱባይ ልሂድ ብሎ አመለከተ፤ ፓስፖርቱ ተመልሶለት ሄደ። ሁለተኛው አንዲት ጫት ነጋዴን ይመለከታል። በገበያ መደብ ጠብ ሰው አቁስለሻል ተብላ ነው የተከሰሰችው። ጫት ገበያዋ አወዳይ እየወጣሁ ልግዛ አለች። አይሆንም፣ በዋስ ስትለቀቂ ከድሬዳዋ ላትወጪ ነው የፈረምሽው ተባለች።

ዱባይ ተፈቀደ፤ አወዳይ ተከለከለ።

ትዕዛዙን ብቻ ቢሆን ሰምቼ አልፈው ነበር። ያነደደኝ በማግስቱ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ነገሩን ሊያስረዳን የሞከረው ጠበቃ ነው። «ንብረት ያለው ሰው የትም አይሄድም፤ ንብረቱ ራሱ ዋሱ ነው። ምንም የሌለውን ግን ዛሬ ብትለቀው ነገ ጅቡቲ ነው» አለ። አወያዩ ምንም አልመለሰም። ራሱን እየነቀነቀ ይሆናል።

ንብረት ያለው አይሸሽም? የኒሳን አለቃ የነበረው ካርሎስ ጎን ጃፓን ውስጥ ሲከሰስ ለዋስትና ያስያዘው 1.5 ቢሊዮን የን ነበር። ከጃፓን እንዳይወጣም ታዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የድምፅ መሣሪያ መያዣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በግል ጄት ከኦሳካ ወደ ኢስታንቡል፣ ከዚያ ቤይሩት ገባ። ሊባኖስ ዜጋዋን አሳልፋ አትሰጥም። የተያዘው ገንዘብ ቀለጠ፤ ሰውየው ግን ቤቱ ተቀምጦ መግለጫ ሰጠ። ያንን ሣጥንና ያንን ጄት ያቀረበለት ድህነት ነው? ጄት የሚከራይ ጫት ነጋዴ ካለ ጠበቃው ያሳየን።

እሺ፣ ጃፓን ሩቅ ነው። እዚሁ እንነጋገር። ሰው ከዚህ እንዴት እንደሚጠፋ ለድሬ ልጅ አይነገረውም። በደላላ፣ በሌሊት፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር፣ በደወሌ በኩል ድንበሩን አልፎ የጅቡቲዋ ወደብ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን። ስንት የሰፈራችን ልጅ በዚህ መንገድ ሄዷል! አንዱም ፓስፖርት አልያዘም፤ አንዱም ፍርድ ቤት አላስፈቀደም። ልትጠፋ ያሰበች ሴት ችሎት ፊት ቆማ «አወዳይ ደርሼ ልመለስ» ብላ ታመለክታለች እንዴ? ማመልከቷ ራሱ እንደማትጠፋ አይነግራችሁም?

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ ደንበኛዋ ነኝ። ሥራዋ ምን እንደሆነ ግን ያ ጠበቃ ቢያይ ጥሩ ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ይዛ የደንገጎን ዳገት ትወጣለች። አወዳይ ስትደርስ ማንንም አታምንም። እሥሩን ፈትታ ታያለች። እጇን ከታች ሰዳ ታወጣለች። ጫፉን ቀንጥባ ትቀምሳለች። ከዚያ ነው ዋጋ የምትጠይቀው። ከሰዓት በርጫው ሳይጀመር መደቧ ላይ መገኘት አለባት፤ ጫት አያድርም።

አሁን የምትልከው የ17 ዓመት ልጇን ነው። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ይዛ የመጣችውን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ ገራባ። እናትየው እሥሩን ፈትታ መደቡ ላይ ዘረገፈችው። ልጅቷን አልተቆጣቻትም። የሚሸጠውን ለቀመች፣ የማይሸጠውን ለፍየል ሰጠች። የዚያ ቀን ገቢዋ ይኸው ነበር። እንግዲህ ገና ማንም ጥፋተኛ አላላትም!

ይህ ሌላ ከተማ ቢሆን እገዳው ምናልባት ቀላል ይሆን ነበር። ድሬ ግን የመንገድ ልጅ ናት። ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ከብዶት እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ቆላው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም ከባቡሩ ጋር ተወለደች። ታይዋን ተራ የሚሸጠው ዕቃ ከመንገድ ነው የሚመጣው። የአሸዋ ገበያውም እንደዚያው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ደላላው፣ የጅግጅጋ ነጋዴው ሁሉ በእግሩ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለውን ሰው «ከከተማ አትውጣ» ማለት እጅህን ወደ አፍህ አታንሳ ማለት ነው።

ድሮ ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ዛሬ የቀረን «የአልጋ ቁራኛ» እና «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ብቻ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር። ነገሩ ከበድ ሲል፣ የደም ወይም የዕዳ ሲሆን፣ በሰንሰለት ይቆራኛሉ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል። አንዱ ውኃ ሲወርድ ሌላው ይወርዳል። ክፉ ሥርዓት ነበር፤ ይመለስ የሚል ቢመጣ እኔ አብሬው አልቆምም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ከሳሹም ታስሯል! የሱም ማሳ ጦም ያድራል። የሱም ሚስት ብቻዋን ትከርማለች። ስለዚህ ይቸኩላል። ምስክሩን በራሱ እግር ሄዶ ይጎትታል። ነገሩ ከንቱ ከሆነም ገና መንገድ ላይ ሳለ ይታረቅና ቋጠሮውን ይፈታል። ከማያዋጣ ክስ ጋር ተቆራኝቶ መክረም የሚፈልግ የለማ።

የዛሬውን ተመልከቱ። ቋጠሮው አልቀረም። የተቋጠረው ግን አንድ ነጠላ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክር አልቀረበልኝም ይላል፤ ተለዋጭ ቀጠሮ። ዳኛው ሥልጠና ሄደዋል፤ ተለዋጭ ቀጠሮ። መዝገቡ ከቢሮ አልወጣም፤ ተለዋጭ ቀጠሮ። በዚህ መሃል ዐቃቤ ሕጉ ቅዳሜ ሐረር ደርሶ ይመጣል። መርማሪው ሐረማያ ዘመድ ይጠይቃል። ምስክሩማ የት እንዳለ ስላልታወቀ አይደል ቀጠሮው የተለወጠው! አንድም ቀን ያልቀረችው ከከተማ እንዳትወጣ ታግዳለች፤ አንድም ቀን ያልመጣው እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ይኼን ፍትሕ የሚል ካለ ቁራኛን ኋላቀር ለማለት አፍ የለውም።

እኔ ብሆን እገዳውን ከቀጠሮው ጋር እቆራኘው ነበር። ምስክር አልቀረበም ተብሎ ቀጠሮ በተለወጠ ቁጥር እገዳው ይላላ። አንዴ ሲለወጥ ለሥራ ትውጣ። ሁለቴ ሲለወጥ እገዳው ይነሣ። ያኔ መዝገብ ሁሉ በአንድ ጊዜ እግር ሲያወጣ እናያለን። ምስክሮችም በተአምር ይገኛሉ።

ሕጉማ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ በአገር ውስጥ መዘዋወርንም፣ ከአገር መውጣትንም በአንድ አንቀጽ ነው ያስቀመጣቸው፤ ዱባይና አወዳይ ጎረቤት ናቸው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ቆጥሯል። ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት ነው። ምንም ከሌለው የሚል እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም አንቀጽ 69 የዋስትናው ልክ ሲወሰን የተከሳሹ አቅም ይታይ ይላል። አቅም የሚታየው እንዳይከብደው ነው እንጂ ሊታሰርበት አይደለም።

የሚጠፋ ተከሳሽ አለ። አልክድም። ይጠፋል የሚባልበት ምክንያት ካለ ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ፤ ለነጋዴውም፣ ለጫት ሻጯም በአንድ ሚዛን ይለካ። የነጋዴው ፓስፖርት ለምን ተመለሰ አላልኩም። ሠርቶ ይግባ። እኔ የምጠይቀው ለሱ የተከፈተው በር ለሷ ለምን ተዘጋ ነው።

ድሬ አንቱታ አታውቅም እያልን እንኮራለን። ሽማግሌውንም፣ ሹሙንም አንተ ነው የምንለው። ታዲያ ይኼ ነገር ችሎት ደጃፍ ሲደርስ ምን ነካው? አንዱ እርስዎ ተብሎ በአየር፣ አንዷ አንቺ ተብላ ቁጭ።

ጠበቃው እዚያው ሬዲዮ ላይ በስልክ ስለሷ ተጠይቆም ነበር። «ቅር ካላት ታመልክት፣ በሩ ክፍት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እንደገና አመልክታለች እኮ። ማመልከቻዋን ከጫት መሸፈኛው ሥር አውጥታ አሳየችኝ። ጥጉ ረጥቦ ደርቋል። ጽሑፉን ውጭ ያስጻፈችው ከፍላ ነው። ገቢ የተደረገበት ማኅተም አለው። ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ «ለቀጠሮው ቀን ይቅረብ» ተብሎ ተጽፏል። የቀጠሮው ቀን የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው።