ድርሰት የሚያዝዝ ሰው

ታኒያ ሌዎን በ1967 (እ.ኤ.አ.) ከኩባ ወጥተው አሜሪካ ሲገቡ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ የሙዚቃ ደራሲ የመሆን ሐሳብ አልነበራቸውም። ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ የታመመ ጓደኛቸውን ተክተው ለዳንስ ተማሪዎች ሲጫወቱ ዳንሰኛው አርተር ሚቸል ሰማቸው። ሚቸል በማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል ልቡ ተነክቶ ለጥቁር ወጣቶች የባሌት ትምህርት ቤት ለመክፈት ተነሥቶ ነበር። በ1969 የሐርለም ዳንስ ቴአትር ሲመሠረት ሙዚቃውን እንዲመሩለት የጠየቀው እኚህን ስደተኛ ነው። ቀጥሎም ለአዲስ ዳንስ አዲስ ሙዚቃ እንዲጽፉ አዘዛቸው፤ ጻፉ። የደራሲነት ሕይወታቸው የጀመረው ከዚያ ትእዛዝ ነው።

ይህን የማነሣው ሀዋሳ፣ ያደግኩባት ከተማ፣ ሰንብቼ ስለተመለስኩ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ማታ ማታ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት አገኘሁ። የሠርግ ዜማ፣ የልደት ዜማ፣ እንግዳ የጠየቀውን ሁሉ ይጫወታል፤ እጁ የሠለጠነ ነው። ዕረፍት ሲወጣ ሻይ ጋበዝኩት። ወግ ስንጀምር ከቦርሳው በእርሳስ የተጻፈ ኖታ አወጣ። ሲዳማ በጋራ ከሚዘፍነውና ከሚጨፍረው ከቄጣላ ተነሥቶ ለክራር፣ ለዋሽንትና ለሁለት ቫዮሊን የጻፈው ድርሰት ነው። አውጪው ሲያወጣ፣ ሕዝቡ ሲቀበል፣ እግር በአንድነት መሬቱን ሲመታ፣ ያ ሁሉ ለአራት መሣሪያ ተከፋፍሎ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ማን ተጫወተው ብዬ ጠየቅሁት።

«ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የተጫወተው፣ ጋሼ። ለሠርግ ሁልጊዜ ያዝዙኛል፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን ያዘዘኝ ሰው የለም።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለ ሙዚቃችን ስናወራ ተሰጥኦ ስለመኖሩ ብዙ እንናገራለን፤ ተሰጥኦውን ሥራ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ግን ብዙም አንጠይቅም።

እኔ በምኖርበት ኒው ዮርክ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። የከተማዋ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለ19 ሴት ደራሲዎች አዲስ ሥራ አዘዘ። ሌዎን አንዷ ነበሩ። «ስትራይድ» የተባለው አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚወስደው ድርሰታቸው በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በመድረክ ተሰማ፤ በተከታዩ ዓመት ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት፣ ፑሊትዘርን፣ በሙዚቃ ዘርፍ አገኘ። ከዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ጀርባ የደራሲዋ ክፍያ፣ የኖታ ቅጂ፣ ልምምድ፣ የተጫዋቾች ደመወዝና አዳራሽ አለ። የቲኬት ገቢ ይህን አይሸፍንም። ጉድለቱን የሚሞሉት ለጋሾች ናቸው፤ የሰጡት ገንዘብም ግብር ሲሰላ ይታሰብላቸዋል። ፈረንጆቹ ከእኛ ባለጸጎች የበለጠ ደጎች ሆነው አይደለም፤ ሕጉ ለመስጠት መንገድ ከፍቶላቸዋል፣ መስጠቱም ያስከብራቸዋል።

ከሽልማቱ በላይ የማከብርላቸው ግን ሌላ ነው። ሌዎን ዕድል ያገኙበትን በር ለሌሎች ከፈቱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከብሩክሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ሆነው ኮንሰርቱን ወደ መንደሩ ሕዝብ ወሰዱ፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሕይወት ያሉ ደራሲዎችን ከአድማጭ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት አቋቋሙ። የታዘዙት ሰው አዛዥ ሆኑ።

እኛም እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረን። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ፣ ሮቼስተር ከሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። «ኮቱራሺያ» በተባለው ድርሰታቸው የኢትዮጵያን ዜማ ኮቶ ከተባለው የጃፓን የክር መሣሪያ ጋር አጋጠሙት። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያስተማሩት አሜሪካ ነው፤ እዚያው በ1998 (እ.ኤ.አ.) አረፉ። በሀገራቸው ድርሰቶቻቸውን ተሰልፎ የሚሰማ ትውልድ ሊኖራቸው ይገባ ነበር።

ውጭ ያለው ሁሉ የሚያስቀና ነው ማለቴ አይደለም። ፊልሃርሞኒኩ የሚጫወትበት የሊንከን ሴንተር አድማጭ አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ ነው፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አጨብጭቦ ይሄዳል። ሀዋሳ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ቀን ግን ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሁሉም ራሱ ዘማሪ ነው። የኒው ዮርክ ኦርኬስትራዎች ስንት ገንዘብ አፍስሰው የሚፈልጉት ሕዝብ ሀዋሳ ላይ ሳይጠሩት ይመጣል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በቅርስነት መዝግቦታል፤ መዝገብ ግን አዲስ ድርሰት አይወልድም።

ሀዋሳ ውስጥ ማዘዝ የሚችል የለም እንዳይባል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባንኮች አሉ፣ ሐይቁን ተከትለው የተሠሩ ሆቴሎች አሉ። ለአንድ ሠርግ ድምፅ ማጉያና ዲኮር የሚወጣው ገንዘብ አራት ተጫዋቾችን ልምምድ ላይ ለማሰንበት የሚያንስ አይመስለኝም።

ወጣቱን ጠይቄው ነበር፤ ስድስት ወር ቢሰጠው አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሥራ እንደሚጨርስ ነግሮኛል። የፍቼን ቀን አያንቱዎች የተባሉት የሲዳማ ቀን ቆጣሪዎች ከዋክብትን አይተው ይቆርጡታል፤ እስከዚያ ጊዜ አለ። ክራሩና ዋሽንቱ ከሀዋሳ፣ ቫዮሊኖቹ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ይችላሉ። የመጓጓዣውንና የአዳሩን ወጪ ውጭ ያለን የሀዋሳ ልጆች እናዋጣለን፤ ለዚህ ዝግጁ የሆኑ ጓደኞች አሉኝ። ትእዛዙ ላይ የሚፈርመው ግን እዚያው ሀዋሳ የሚኖር ሰው ቢሆን እመርጣለሁ፤ የእኛ የውጭዎቹ ሞቅታ በርዶ ስንጠፋ የሚቀጥለውን ድርሰት የሚያዝዝ ያስፈልጋል።