የቤዝመንቱ ሊቀ ጠጅ

እኔ ሰው ማድነቅ እወዳለሁ። በተለይ ሰሞኑን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤዝመንቶች ጠጅ መጣል የጀመሩ ወንድሞቼን ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ድሮ ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው ወይ ዕቁብ ይሰበስብ ነበር፣ ወይ ስለ ፖለቲካ ይጮህ ነበር። የዘንድሮው ማር ይበጠብጣል። ይህ ዕድገት ካልሆነ ዕድገት ምንድነው?

እናቶቻችንም እርግጥ ጠጅ ጥለው ኖረዋል። ግን ምን እየሠሩ እንደነበር አያውቁም፣ ምስኪኖች። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ አንድ እጅ ማር በሦስት በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ ሰፈፉን ገፈው፣ ጌሾውን ጨምረው፣ አፉን በጨርቅ አስረው ወደ ወጣቸው ይመለሱ ነበር። ቴርሞሜትር የለ። ደብተር የለ። "መድረሱን በምን አወቅሽ?" ሲባሉ "በሽታው" ነው መልሳቸው። በሽታው! በዚህ ዓይነት እንዴት ሺህ እንግዳ አብልተው አጠጥተው እንደሸኙ ፈጣሪ ይወቀው።

ወዳጄ (ስሙን አልጠራም፣ ሚስቱ ታነባለች) በአፍንጫ የሚሠራ ሰው አይደለም። የስኳሩን መጠን የሚለካ የመስታወት ሃይድሮሜትር ገዝቷል። አየር የሚያስወጣ ግን የማያስገባ ክዳን ገዝቷል። ሻምፓኝ የሚጠመቅበትን እርሾ በፖስታ አስመጥቷል። ሌሊት ወርዶ ክዳኑ ሥር ይቀመጣል፤ አንዷ አረፋ "ብልቅ" ባለች ቁጥር ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ልጁ የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነ ግን ሚስቱን ነው የሚጠይቀው።

ጠጅ ድሮ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ እንደነበር፣ ተራው ሰው ጠላውን እየጠጣ እንደሚኖር የሆነ ቦታ አንብቧል። ከዚያ ወዲህ አቀማመጡ ሁሉ ተቀይሯል።

ሕጉም ከጎኑ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂዎች ላሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይን ለራሱ መጠጫ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ ጠጅም የማር ወይን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው 100 ጋሎን ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ወንደላጤዎች ሆይ፣ ለማግባት ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ትፈልጋላችሁ? ሁለት መቶ ጋሎን 757 ሊትር ነው፤ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ይደርሳል። ለሥራም፣ ለልጅም፣ ለቤተክርስቲያንም ጊዜ አይተርፍም። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ይህ ክልከላ ወዳጄን ከስንት ውርደት እንዳዳነው እሱ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ለቅምሻ ተጠራን። በብርሌ ቀዳልን። ከብርሌው ጀርባ የስልኩን መብራት አብርቶ "ቀለሙን አያችሁ?" አለ። አየን። በሐምሌ አባይን ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያንን ቀለም ያውቀዋል። "አሁን አፍንጫችሁን አስገቡ" አለ። የብርሌ አንገት አውራ ጣት እንኳ አያስገባም፤ ቢሆንም ስድስታችንም አስገባን። "ምን ሸተታችሁ?" አንዱ "አበባ" አለ። አንዱ "ቫኒላ" አለ። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ "ይሄማ የጎጃም ማር ነው!" አለ። ማሩ ከጅምላ መደብር የተገዛ፣ 60 ፓውንድ የሚመዝን ባለ አምስት ጋሎን ባልዲ ነው። ባልዲው እዚያው ከጀርባችን ተቀምጧል። ወዳጄ ግን ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ከዚያ ጠጣን። ጉሮሮዬን እያየ ስለነበር መዋጥ ግድ ሆነ። "ጣዕሙ አፍ ላይ ይቆያል" አልኩ። አልዋሸሁም። እስከ ማክሰኞ ቆይቷል።

ከደብረ ታቦር ለጥየቃ የመጡት አማቱ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ለእሳቸውም ተቀዳላቸው። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርሌውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ጌሾውን መቼ አወጣኸው?"

"አላወጣሁትም እማዬ። ሁለት ወሩ ነው። በደንብ ጣዕም ይስጥ ብዬ ነው።"

እሳቸው ባልዲውን አዩ። ከዚያ እሱን አዩ። "ማሩን በዳቦ ብትበሉት ምን ነበረበት?" አሉ።

እንዴት እንዳፈርንላቸው! በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አነጋገር። ሁላችንም በአንድ አፍ "አይ እማማ፣ ቆንጆ ነው!" አልን። አንዱ እንዲያውም ጨምርልኝ አለ። መኪና የሚነዳው እሱ ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀውም፤ መጨረሻ ላይ ግን እሱን የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ስንወጣ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ጠርሙስ ተሰጠን። በወርቃማ ክር የታሰረ፣ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የተከደነ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። የእኔው ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁምሳጥን ውስጥ ፈነዳ። ባለቤቴ ተኩስ መስሏት ልጆቹን ይዛ ወለል ላይ ተኛች። የሠርግ ሱፌ እስካሁን ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ግን ፍሬ ነገሩን እንይ፦ ጠጁ ሕይወት አለው። የገበያው ጠጅ ይህን ያደርጋል? አያደርግም።

በነጋታው ደውዬ ነገርኩት። ደስታውን አልቻለውም። "ኃይሉን አየኸው?" አለኝ።

አሁን እህቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ሁለት ሻንጣ ይፈቀድላታል። በርበሬና ሽሮ አደራ ብዬ ነበር፤ ትናንት ደውላ ቦታ የለም አለችኝ። ወዳጄ ቀድሞ ደውሎላት አሥር ኪሎ ጌሾ እንድታመጣ ለምኗታል፤ ወንድምሽ ነው ያበረታታኝ ብሎ። "እውነት አንተ ነህ?" አለችኝ። ምን ልበላት? እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ብርሌዬን ከፍ አድርጌ "እንዲህ ያለ ጠጅ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም" ያልኩት እኔ ነኝ።