ይድረስ እንባዎ እስኪፈስ ለሚስቁት ለክብርት ቢጫ ፊት ኢሞጂ

ጉዳዩ፦ ያለ እርስዎ ፊርማ ማሽሟጠጥ አለመቻሉን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከሽሙጤ ሁሉ ኋላ ቆመው «ቀልዱን ነው፣ ቀልዱን ነው» እያሉ የሚያስታርቁልኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎ አለብኝ። እንዲያውም ስለበዛብኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው የሆነውን ሰምተው ይሆናል። አለቃችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በሥራ ግሩፓችን «ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አለ» ብለው ለቀቁ። እኔም «እሰይ! ቅዳሜን በምን እንደማሳልፈው ጨንቆኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ እርስዎ ላይ አርፎ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አርፎ ነበር። ግን ኩራት ያዘኝ። ከተብራራ ምኑን ሽሙጥ ሆነ ብዬ ጣቴን አነሳሁና ላክሁት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ተነሳሽነትህ የሚደነቅ ነው። ቃለ ጉባኤውን አንተ ትይዛለህ።» ይኸው እስከ ዛሬ እይዛለሁ። (ወይስ ሰውዬው ከእኔ የባሱ አሽሟጣጭ ናቸው? ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።)

የዘር ሐረግዎን ቆጥሬያለሁ። አያትዎ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተወለዱ፤ ያመጧቸው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ስኮት ፋልማን ናቸው። ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ፤ በጎናቸው የተኙ ምስኪን። እዚያ የሚጻጻፉት ሰዎች ቀልዱን ከቁም ነገሩ መለየት ሲያቅታቸው «ይሄ ቀልድ ነው» ከማለት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። እርስዎ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ከሚመዘገቡበት ከዩኒኮድ ገቡ፤ በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ ሾመዎት። አንድም ፊደል የሌለው ቃል! እንኳን ደስ አለዎት። አክስቴ ብቻ እንባዎን እንጂ ሳቅዎን ስላላየች፣ የሐዘን መልእክት ሥር ሦስት ሦስት አድርጋ ትደረድርዎታለች።

በአፍ ሲሆን እኮ ማንም አይፈልግዎትም። «ጎበዝ» የምትለውን ቃል ሳብ ማድረግ ነው፤ ሰውየው ቃሉ ሳያልቅ ይገባዋል። «አንተ» ስንለው የኖርነውን ጓደኛ በድንገት «አንቱ» ማለትም ይበቃል። ፊደላችን ግን «አለ» ብዬ ስጽፍ መናገሩን ይሁን መኖሩን እንኳ አጥብቆና አላልቶ አያሳይልኝም፤ የቅንድብን ነገር ከየት ያምጣው? ጸሐፊው ደግሞ የራሱን ድምፅ በጆሮው እየሰማ ስለሚጽፍ ሁሉም የሰማለት ይመስለዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢሜይል ላኪዎች ተቀባዩ ሽሙጣቸውን ከቁም ነገራቸው ከመቶ 78 ያህል ይለይልናል ብለው ገመቱ። የተለየላቸው 56 ያህሉ ነው። ሳንቲም ቢወረውሩም 50 ያገኙ ነበር።

ቅሬታዬ ምን መሰለዎት? ድሮ ወርቁን ከሰሙ ፈልፍሎ የሚያወጣው አንባቢው ነበር፤ ዛሬ ቢጫው ከላይ ተለጥፎ ይመጣል። እርስዎ ሲኖሩ ሽሙጡ ይሞታል፣ ሳይኖሩ ስድብ ይሆናል። ብቻዋን «እሺ» ብዬ ብልክ «ምን አስቀየምኩህ?» ተብዬ ደብዳቤ የሚያህል ማብራሪያ ጽፌያለሁ።

ደግሞ በሰዋስው መጽሐፍ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ምልክት ነበረን፤ ትእምርተ ስላቅ፣ ተዘቅዝቆ የቆመ ቃለ አጋኖ። ለፈተና ሸመደድነው፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም። አንድ ቀን ከስልኬ ጓዳ ፈልጌ አወጣሁትና «በጣም ጠቃሚ ስብሰባ ነበር¡» ብዬ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ፦ «መጨረሻ ላይ ያለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ምንድን ናት? ስልክህ ተበላሽቷል?»

ስለዚህ የተጠራቀመውን የዓመት ፈቃድዎን ወስደው ለጥቂት ጊዜ እንዲያርፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ቢሆን ግን ይሻላል፤ ቅዳሜ ስብሰባ አለብኝ።

ከሰላምታ ጋር
ቃለ ጉባኤ ያዡ

ግልባጭ፦
ለትእምርተ ስላቅ
ባሉበት¡