ባትሪው ስለገባ ብቻ ቻርጀሩ ልክ ነው ማለት አይደለም
በእጅ ባትሪ ውስጥ ስለሚገባው፣ ተሞልቶ ስለሚሠራው ባትሪ «ባትሪው ከገባበት ማንኛውም ቻርጀር ይሠራል» ብላችሁ ጻፋችሁ። ኧረ ተዉ! እኛ ኮዬ ፈጬ መብራት በጠፋ ቁጥር የእጅ ባትሪ ይዘን ነው ደረጃ የምንወጣው፣ ነገሩ የየቤታችን ነው። የተለመደው ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት። የድሮው የኒኬል ባትሪ ቻርጀር ይሄን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይሞላል፣ ከዚያ ባትሪው ይግላል፣ ሲብስም ይነድዳል። ቻርጀር ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ 4.2 የሚል ከሌለ ወይም ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ለባለሱቁ መልሱለት። 18650 የሚባለው ባትሪ (18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ድብልብል) 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል መባሉም ቅጥፈት ነው፣ ጥሩ የሚባለው እንኳ 3500 አካባቢ ነው። ያበጠውን ደግሞ በየትኛውም ቻርጀር አትሞክሩት። ማታ ሰክቶ መተኛትም ይቅር፣ በተለይ አልጋ ላይ።