ወለል የሚልስ ውሻ ሆዱ ይታይለት

ውሻ ባዶ ወለል ሲልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምግብ የፈሰሰበትን ማለቴ አይደለም። ደረቅ ወለል፣ ግድግዳ፣ የሶፋ ጠርዝ ይልሳል፤ ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢጎትቱት ተመልሶ እዚያው ነው። ብዙ ሰው «አመል ሆኖበት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚቆጣው አለ፣ የሚመታውም አለ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ውሻ ሆዱን አሞት ሊሆን ይችላል።

ዝም ብዬ አይደለም ይህን የምለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህ አመል ያለባቸውን 19 ውሾች ሲመረምር 14ቱ የጨጓራ ወይም የአንጀት ችግር ተገኘባቸው። ሆዳቸው ሲታከም ከግማሽ የሚበልጡት መላሱን ቀነሱ፤ ጨርሰው የተዉትም አሉ። ያስተዋቸው ቁጣ አይደለም፣ ሕክምና ነው።

ሆድ ስል ደግሞ አንጀቱን ብቻ አይደለም። እዚያ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከነኑሯቸው ማይክሮባዮም ይባላሉ። ውሻው ራሱ መፍጨት የማይችለውን ፋይበር ያብላሉለታል፣ ከዚያ የሚወጡት አሲዶችም የአንጀቱን ግድግዳ ይመግባሉ። አንጀት ከአንጎል ጋር በቬገስ ነርቭ ሌት ተቀን መልእክት ይለዋወጣል። ስሜት ላይ ድርሻ ያለው ሴሮቶኒንም አብዛኛው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከውሻ አፋላሚዎች እጅ የወጡ 31 ውሾችን ሰገራ አወዳድሯል። ሌላ ውሻ ሲያዩ የሚናከሱትና የማይናከሱት የባክቴሪያ ስብስባቸው ይለያይ ነበር። ባክቴሪያው ቁጣውን ያምጣ፣ ቁጣው ባክቴሪያውን ይቀይር ግን ጥናቱ አይለይም፤ ስለዚህ «ውሻ ያረጋጋል» ተብሎ የሚሸጥ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ማሟያ) ስታዩ ቶሎ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ውሻው አንድ ቀን ካስቀመጠው ወዲያው አንቲባዮቲክ! በተለይ ሜትሮኒዳዞል። ቀላል ተቅማጥ እኮ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት በራሱ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ጤነኛ ውሾች ይህን መድኃኒት ለ14 ቀን ወስደው፣ ካቆሙ ከ4 ሳምንት በኋላም ባክቴሪያዎቻቸው ሙሉ በሙሉ እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ከሚጠፉት አንዷ ቀድሞ ክሎስትሪዲየም ሂራኖኒስ፣ አሁን ፔፕታሴቶባክተር ሂራኖኒስ የምትባለው ባክቴሪያ ናት። ስሟ ያስፈራል እንጂ ባለውለታ ናት፤ ጉበት የሚያመነጨውን የሐሞት አሲድ ትቀይረዋለች፣ የተቀየረው አሲድ ደግሞ ጎጂዎቹን ባክቴሪያዎች አደብ ያስይዛል። እሷ ስትጠፋ ሜዳው ለነሱ ይለቀቃል፣ ውሻው እንደገና ያስቀምጠዋል፣ እኛም ያንኑ ኪኒን ይዘን እንመለሳለን።

መድኃኒት ጭራሽ አይሰጥ እያልኩ አይደለም። ደም ከታየ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከደከመ ወይም ቡችላ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ንቁ ሆኖ፣ እየበላና እየጠጣ ሰገራው ብቻ ትንሽ ከላላ ግን «ያለ አንቲባዮቲክ ብንጠብቀውስ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ምግብ ስትቀይሩም በአንድ ቀን አይሁን፤ አዲሱን ከድሮው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ አሸጋግሩት።

ጠባዩ በድንገት ሲቀየርም፣ ማለትም ሲነካ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሌሊት እየተነሳ ሲንቆራጠጥ፣ ሣር እየጋጠ ምራቁን ደጋግሞ ሲውጥ፣ ከአሰልጣኙ በፊት ሐኪሙ ይየው። ወለል ሲልስ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ክሊኒክ ገብቶ ፈርቶ ቁጭ ሲል ያን አመሉን አያሳይም። ሰገራው ስንት ቀን እንደላላና ምን በልቶ እንደነበርም ጽፋችሁ ሂዱ።